ትንሿ በቀቀንና መንጋዋ

የዛሬው ዝግጅት በሰው ቤት ስለሚኖሩት ትንንሽ በቀቀኖች ነው፤ ስለ ንግግራቸው፣ ስለ ጩኸታቸው፣ ስለሚበሉትና ስለሚገድላቸው ነገር። በመካከሉ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በ1958 ቢቢሲ በእንግሊዝ አገር የሚናገሩ የቤት ወፎችን አወዳድሮ ነበር። አሸናፊው ስፓርኪ ዊሊያምስ የተባለ ባጅሪጋር ሆነ። ባጅሪጋር የአውስትራሊያ ወፍ ነው፤ ከራሱ እስከ ጅራቱ ጫፍ 18 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል፣ ክብደቱም ከ30 እስከ 40 ግራም ብቻ ነው። ስፓርኪ ከ500 በላይ ቃላትና ከ300 በላይ ዓረፍተ ነገሮች ያውቅ ነበር። የልጆች ግጥም ሳያቋርጥ እስከ መጨረሻው ይወጣው ነበር። ድምፁ በሸክላ ተቀርጾ 20,000 ያህል ቅጂ ተሸጠለት። በ1962 ሲሞት አካሉ እንዳይበሰብስ ተደርጎ ኒውካስል ከተማ በሚገኝ ሙዚየም ተቀመጠ። ከብዙ ዓመት በኋላ ደግሞ ካሊፎርኒያ ውስጥ ይኖር የነበረ ፓክ የተባለ ባጅሪጋር 1,728 ቃላት አውቋል ተብሎ ስሙ በጊነስ መዝገብ ሰፈረ።

አንዲት ወፍ የሰውን ቃል ለመማር ይህን ያህል የምትደክመው ለምንድን ነው?

መልሱ ያለው አውስትራሊያ መሃል፣ ዝናብ አንድ ዓመት ጥሎ ሌላ ዓመት በሚጠፋበት ደረቅ ምድር ነው። ባጅሪጋሮች እዚያ ቋሚ ሰፈር የላቸውም። ዝናብ የጣለበትን፣ ሳሩ ዘር የያዘበትን ቦታ እየተከተሉ ይዞራሉ። ውሃ ዳር ሲገናኙ በሺዎች ይሆናሉ፤ ሲበሩም ያ ሁሉ ወፍ በአንድ ጊዜ ይታጠፋል፣ በአንድ ጊዜ ይወርዳል። ከመንጋው የተነጠለች ወፍ የጭልፊት ቀለብ ናት። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ይጠራራሉ። አለሁ፣ አለሽ ወይ፣ አዎ አለሁ እንደ ማለት ነው። የዚህ ጥሪ አወጣጥ ከወፍ ወፍ ይለያያል፣ በትምህርትም ይለወጣል። በ2000 የወጣ አንድ የካሊፎርኒያ ጥናት እንዳሳየው ወንድ ባጅሪጋር ከሴት ጋር ሲጣመር የሴቲቱን ጥሪ እያዳመጠ ይለማመዳል፤ ጥቂት ሳምንታት ሳያልፉ የእሱ ጥሪ የእሷን ይመስላል። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ደግሞ ሴቶቹ ከራሳቸው ጋር የሚቀራረብ ጥሪ ያለውን ወንድ እንደሚመርጡ አሳይተዋል። የሚጠይቀውን ሰው ቋንቋ አጥንቶ እንደሚመጣ አማጭ መሆኑ ነው። በሰው ቤትም ቃል የሚበዛው ከወንዱ ዘንድ የሆነው በዚሁ ምክንያት ነው። ሴቷ ጥቂት ቃል ብትይዝ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ምንም አትናገርም። እንድታወራለት ብሎ ሴት ባጅሪጋር የገዛ ሰው በወፏ ማኩረፍ የለበትም።

ነገሩ በባጅሪጋር ብቻ አያበቃም። ቬኔዝዌላ ውስጥ ፓሮትሌት የሚባሉ ከ30 ግራም በታች የሚመዝኑ አረንጓዴ በቀቀኖች አሉ። ካርል በርግ የተባለ የወፍ ተመራማሪና ባልደረቦቹ በፕላስቲክ ቱቦ የተሠሩ ጎጆዎቻቸው ውስጥ ካሜራ አስገብተው ወላጆቹ ለጫጩቶቻቸው የሚያሰሙትን ድምፅ ቀዱ። ወላጆቹ ለእያንዳንዱ ጫጩት የተለየ መጠሪያ ድምፅ ያወጡለታል፤ ጫጩቱም ያንን ድምፅ ተቀብሎ ትንሽ ለወጥ እያደረገ የራሱ ያደርገዋል። ምናልባት በዘር የሚተላለፍ ይሆን ብለው ተመራማሪዎቹ የአንዱን ጎጆ እንቁላል ከሌላው ጋር አለዋወጡት። በሌላ ቤት የተፈለፈሉት ጫጩቶች የያዙት የአሳዳጊዎቻቸውን ድምፅ ሆኖ ተገኘ። ጥናቱ በ2011 ታትሟል። ልጁን ስም አውጥቶ የሚጠራ እንስሳ በጣም ጥቂት ነው፤ ከእነዚያ ጥቂቶች አንዷ መዳፍ ውስጥ ገብታ የምትጠፋ ወፍ መሆኗ ያስደንቃል።

እንዲህ ያለች ወፍ ሳሎን ውስጥ ስትገባ መንጋዋ የቤቱ ሰው ይሆናል። ይህን የተረዳ ሰው አብዛኛውን ጠባይዋን ያለ አስተማሪ ይፈታዋል። ለምሳሌ የቤቱ ሰው ወደ ጓዳ ሲገባ ወፏ መጮኽ ትጀምራለች። ብዙ ሰው ይህን እንደ ጥጋብ ይቆጥረውና ተመልሶ ይጮኽባታል። ለእሷ ግን የሰውየው ጩኸት መልስ ነው፤ መንጋው ተገኝቷል። ነገም ይሠራል ብላ ትጮኻለች። በአንጻሩ ከጓዳ ሆኖ አንዲት አጭር ፉጨት የሚመልስላት ሰው ካለ ቀስ በቀስ በፉጨቷ ትረካለች። ጩኸቷን ችላ ብሎ ለስለስ ያለ ድምፅ ስታሰማ ብቻ መመለስ ነው ዘዴው። ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ ይሠራል።

ማዛጋት ሳይቀር በመካከላቸው ይተላለፋል። በ2015 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት ባጅሪጋሮችን ጎን ለጎን በተቀመጡ ኬጆች አስቀምጦ ተመለከተ፤ ኬጅ ማለት ያው የወፍ የሽቦ ቤት ነው። መተያየት የቻሉት አንዷ ስታዛጋ ሌላዋም ብዙ ሳትቆይ ታዛጋለች። መጋረጃ የተጋረደባቸው ግን እንዲያ አላደረጉም። አንዷ የሌላዋን ሁኔታ ምን ያህል እንደምትከታተል ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

እዚህ ላይ ብዙ ገዢ የሚያደርገውን አንድ ነገር ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም። ሰው በቶሎ እንድትናገርለት ሲል አንዲት ወፍ ብቻዋን ይገዛል። እውነት ነው፣ ብቻዋን ያለች ወፍ የሰውን ቃል ቶሎ ትይዛለች፤ ሌላ የምታወራው የላትማ። ባለቤቱ ቀኑን ከእሷ ጋር የሚውል ከሆነ ደኅና ትኖራለች። ጠዋት ሁለት ሰዓት ወጥቶ ማታ አንድ ሰዓት የሚገባ ከሆነ ግን ይህ ግፍ ነው፤ ለስለስ ያለ ቃል ሊፈለግለት አይገባም። ከበሬታ የሚገባው ምርጫ ሁለት ወፍ መያዝ ነው። ሁለት ባጅሪጋሮች ቃል ላይናገሩ ይችላሉ፤ ነገር ግን ሲጎራረሱ፣ አንዷ የሌላዋን የራስ ላባ በምንቃሯ ስታበጥር፣ ሲጣሉና ሲታረቁ ማየት ከማንኛውም ቃል ይበልጣል። መስተዋት ሰቅሎላት ጓደኛ አገኘች ማለትም አያዋጣም። ወፏ የራሷን ምስል ለማጉረስ ስትሞክር ትውላለች፣ የዋጠችውን ታስመልስለታለች፣ ምስሉ ግን አይመልስላትም።

የባጅሪጋር የሰው ቤት ታሪክ ረጅም አይደለም። እንግሊዛዊው የወፍ ሊቅ ጆን ጉልድ በ1840 ከአውስትራሊያ ሲመለስ ከነሕይወታቸው ይዟቸው ለንደን ገባ። ከዚያ ወዲህ አውሮፓ ውስጥ መርባት ጀመሩ። በዱር ያለው ባጅሪጋር ቢጫ ራስ ያለው አረንጓዴ ወፍ ነው። ላባው ውስጥ ቢጫ ቀለም አለ፤ የላባው ውስጣዊ አሠራር ደግሞ ሰማያዊ ብርሃን ይመልሳል፤ ሁለቱ ሲደረቡ ለዓይን አረንጓዴ ይሆናል። በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ አካባቢ ቤልጅየም ውስጥ ቢጫው የጎደለበት ጫጩት ተፈለፈለ፣ ሰማያዊ ሆኖም ወጣ። በሱቅ የሚታዩት ሰማያዊ ባጅሪጋሮች በሙሉ ከእንዲህ ዓይነቱ ለውጥ የመጡ ናቸው። ምክንያቱ በአንድ ዘረ መል ላይ የደረሰ አንድ ጥቃቅን ለውጥ መሆኑ በ2017 ታውቋል። ሌላም አለ። የራሳቸው ቢጫ ላባ የፀሐይን አልትራ ቫዮሌት ጨረር ተቀብሎ መልሶ ያበራል። በ2002 በወጣ ጥናት ተመራማሪዎች ይህን ማብራት የሚከለክል ቅባት ራሳቸው ላይ ሲቀቡ፣ የተቀቡት ወፎች በተቃራኒ ጾታ ዘንድ ተወዳጅነታቸው ቀነሰ።

ገበያ የወጣ ሰው ወፏን በቅርብ ቢያያት ብዙ ነገር ይረዳል። ከምንቃሯ በላይ፣ የአፍንጫ ቀዳዳዎቿ ያሉበት ትንሽ ለስላሳ ቆዳ አለ። አድጎ የጨረሰ ወንድ ላይ ይህ ቆዳ ደማቅ ሰማያዊ ነው፤ ሴቷ ላይ ነጣ ያለ ወይም ቡናማ ነው፣ እንቁላል ልትጥል ስትደርስም ሻካራ ይሆናል። አንዳንድ ዘሮች ላይ ወንዱም ሐምራዊ ሆኖ ይቀራልና ይህ ምልክት ሁልጊዜ አይሠራም። ዕድሜዋን የሚናገረው ግንባሯ ነው። ጫጩት ባጅሪጋር ጥቁር መስመሮቿ እስከ አፍንጫዋ ይወርዳሉ፣ ዓይኗም ሙሉ ለሙሉ ጥቁር ነው። ሦስትና አራት ወር ሲሞላት ላባ ትቀይራለች፣ ግንባሯም ይጠራል። ሰው ለመልመድ የምትቀልለው ግንባሯ ገና ያልጠራው ናት። እግሯ ላይ ደግሞ ሁለት ጣት ወደ ፊት፣ ሁለት ጣት ወደ ኋላ ይገኛል። በዚህ እግር ፍሬ ትይዛለች፣ ሽቦ ትጨብጣለች። ሽቅብ ስትወጣ ምንቃሯንም ትጨምራለች። በ2022 ኒው ዮርክ ውስጥ ላቭ በርድ በሚባሉ ትንንሽ በቀቀኖች ላይ የተደረገ ልኬት ምንቃሩ የሚያወጣው ኃይል የእግሩን ያህል ወይም የሚበልጥ መሆኑን አሳይቷል። ምንቃር ሦስተኛ እግር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ኮካቲየል የሚባለው ሌላው የቤት በቀቀን ከባጅሪጋር ሦስት እጥፍ ያህል ይመዝናል፤ ከ80 እስከ 100 ግራም። እሱም አውስትራሊያዊ ነው፤ ካካቱ ከሚባሉት ጉትያ ካላቸው በቀቀኖች ቤተሰብ ትንሹ ነው። ቃል ብዙ አይዝም፤ ፉጨት ግን ይችልበታል። ዜማ ሰምቶ ወንዱ ደጋግሞ ይለማመደዋል፣ የተሳሳተ ቦታውን ሳይቀር ይዞ ይቀራል። ስሜቱን ራሱ ላይ ያለችው ጉትያ ትናገራለች። ቀጥ ብላ ስትቆም ደንግጧል ወይም አንድ ነገር ቀልቡን ስቦታል፤ ዘንበል ብላ ስትቀመጥ ተረጋግቷል፤ ራሱ ላይ ተለጥፋ እንደ እባብ ሲተነፍስ ግን እጅን መሰብሰብ ነው። ወላጆቹ እንቁላሉን በፈረቃ ይታቀፋሉ። ለጀማሪ ሰው ከትንንሾቹ በቀቀኖች ሁሉ ኮካቲየል ይሻላል የሚሉ አርቢዎች ብዙ ናቸው፤ ገራም ነው፣ ሲናከስም ቀድሞ ያስጠነቅቃል። ሁለት ነገር ግን ይታወቅ። ከላባው ነጭ ዱቄት ይረግፋል፤ አስም ያለበት ሰው በሚኖርበት ቤት አይመከርም። ሌሊት በጨለማ ኮሽታ ከሰማ ደግሞ በድንጋጤ ኬጁ ውስጥ እየተጋጨ ራሱን ያደማል። ትንሽ የሌሊት መብራት ይህን ያስቀራል።

ላቭ በርድ ሌላ ጠባይ አለው። ዘጠኝ ዝርያዎች አሉት፤ ስምንቱ በአፍሪካ ምድር፣ አንዱ በማዳጋስካር። ወፍራም፣ አጭር ጅራት ያለው፣ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ተጣብቆ የሚቀመጥ ወፍ ነው። ለጥንዱ ያለው ፍቅር ለሌላው ያለውን ጭካኔ አያስቀረውም፤ ሌላ ዓይነት ወፍ አብሮት ኬጅ ውስጥ ከተጨመረ ጣቱን ሊቆርጠው ይችላል። ከባጅሪጋር ጋር ማሰር ፈጽሞ አይገባም።

በእነዚህ ወፎች ላይ ከተሠሩት ሥራዎች ሁሉ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲው ዊሊያም ዲልገር በ1962 ያሳተመው አይረሳም። የናሚቢያና የአንጎላው ባለሮዝ ፊት ላቭ በርድ ሴት ጎጆ ስትሠራ የቅጠልና የልጥ ቁራጮችን ከወገቧ ላባ ውስጥ ሰክታ ተሸክማ ትበራለች። የታንዛኒያው የፊሸር ላቭ በርድ ግን አንድ በአንድ በምንቃሩ ይዞ ይሄዳል። ዲልገር ሁለቱን አዳቀላቸው። የተወለዱት ሴቶች ቁራጩን ቆርጠው ላባቸው ውስጥ ለመሰካት ይታገላሉ፤ ወይ ሰክተው አይለቁትም፣ ወይ ልክ ባልሆነ ቦታ ይሰኩትና ይወድቅባቸዋል። የሚሳካላቸው በምንቃራቸው የያዙት ብቻ ነው። ቢሆንም ይህን ተረድተው በምንቃር መያዝን ለመልመድ ዓመታት ፈጀባቸው፤ ከለመዱም በኋላ ከመብረራቸው በፊት ራሳቸውን ወደ ወገባቸው ዞር ያደርጉ ነበር። ከእናት አባት የተወረሰ ልማድና በኑሮ የተገኘ ትምህርት በአንዲት ወፍ ውስጥ ሲጣሉ ማለት ይህ ነው። ዛሬም የእንስሳት ጠባይ በሚያስተምሩ መጻሕፍት ውስጥ ይጠቀሳል።

ከዘጠኙ ላቭ በርዶች ትልቁ የእኛው ነው። ጥቁር ክንፍ ላቭ በርድ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋማ ምድር ሌላ በዱር የትም አይገኝም። የሳይንስ ስሙ አጋፖርኒስ ታራንታ ሲሆን ታራንታ ከምፅዋ ወደ ደጋው የሚወጣው የመተላለፊያ ተራራ ነው። ስሙ የወጣለት እንግሊዛዊው ተጓዥ ሄንሪ ሶልት ስለ አቢሲንያ ጉዞው በ1814 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ነው። ወንዱ ግንባሩ ቀይ ነው፤ ሴቷ ግንባሯን ጨምሮ አረንጓዴ ናት። ሁለቱም ምንቃራቸው ቀይ ነው፤ ሲበሩ የክንፋቸው ሥር ጥቁር ሆኖ ይታያል። የጥድ ፍሬና የሾላ ፍሬ ይወዳሉ፣ ማታ በዛፍ ሽንቁር ውስጥ ያድራሉ። አዲስ አበባ የሚኖር አድማጭ ይህን ወፍ ለማየት ሩቅ አይሄድም። እንጦጦ ጥድ ባለበት፣ ወይም አሮጌ ዛፍ በተረፈበት የከተማ ግቢ ውስጥ ጥቂት አጫጭር ቀጭን ጩኸት የሚያሰሙ አረንጓዴ ወፎች በፍጥነት ሲያልፉ ቀና ብሎ ማየት ነው። ብዙ የከተማችን ሰው በቀቀን የሩቅ አገር ወፍ ይመስለዋል፤ ከቤቱ ጣሪያ በላይ የሚበረውን ግን አያውቀውም።

ይህን ወፍ ግን ከዱር ይዞ ማሰር አይገባም። ለመኝታም ለመፈልፈያም ሽንቁር ያለው አሮጌ ዛፍ ይፈልጋል፤ እንዲህ ያለ ዛፍ ደግሞ እየተቆረጠ ነው። ሳይቲስ በሚባለው ዓለም አቀፍ የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት ውስጥም በቀቀኖች በሙሉ ማለት ይቻላል በቁጥጥር ሥር ናቸው። ከዚህ ነፃ የሆኑት አራት ብቻ ናቸው፤ ባጅሪጋር፣ ኮካቲየል፣ ባለሮዝ ፊት ላቭ በርድና ቀለበት አንገቱ በቀቀን። ሰው እጅ ተፈልፍሎ ያደገ ባጅሪጋር ወይም ኮካቲየል ማግኘት እየተቻለ ደጋ ላይ የሚኖር ነፃ ወፍ በሙጫ መያዝ ምንም ምክንያት አይገኝለትም።

ወደ ቤት እንመለስ። ኬጅ ሲመረጥ ቁመቱ ሳይሆን ስፋቱ ይታያል፤ ወፍ የምትበረው ወደ ጎን ነው። ክቡ ጠባብ ኬጅ ለዓይን ያምራል፤ ወፏ ግን ክንፏን ዘርግታ አንዴ እንኳ አትመታበትም። የሽቦው ክፍተት ራሷን የማያሳልፍ መሆን አለበት፤ ለባጅሪጋር ከ1.2 ሴንቲ ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል። ማረፊያ እንጨቱ ሁሉም አንድ ውፍረት ያለው ለስላሳ ዱላ ከሆነ እግሯ ይቆስላል፤ ወፍራምም ቀጭንም የሆነ እውነተኛ ቅርንጫፍ ይሻላል። በየቀኑ ወጥታ መብረር አለባት። ሌሊት ከ10 እስከ 12 ሰዓት የሚሆን ጨለማና ጸጥታ ያስፈልጋታል፤ ቴሌቪዥን እስከ እኩለ ሌሊት በሚከፈትበት ሳሎን ውስጥ ይህን አታገኝም።

ምግቧ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ዘር ብቻ የምትበላ ወፍ ትወፍራለች፣ ጉበቷ ይታመማል፣ ቫይታሚን ኤ ያጥራታል። አዮዲን የጎደለው የዘር ምግብ ባጅሪጋር ላይ እንቅርት ያመጣል፤ እንቅርቱ የአየር ቧንቧዋን ሲጫን ድምፅዋ ይለወጣል፣ ትንፋሽዋ ይፏጫል። ዳጉሳና ማሽላ ይሰጣት፣ ግን ጎመንና ቆስጣ፣ የተፈቀፈቀ ካሮት፣ ፈረንጆች ለወፍ የሚያዘጋጁት የተፈጨ እህል ከተገኘም እሱ ይታከልበት። አዲስ ምግብ ቶሎ አትነካም። ባለቤቱ ፊቷ ተቀምጦ እየበላ ቢያሳያት ግን ትቀርባለች፤ መንጋው የበላው አይገድልምና። አንድ የሚያስገርም ነገር ይጨመር፤ ወፎች የበርበሬን ማቃጠል አይሰማቸውም። ለእኛ ዓይን የሚያስለቅሰውን ቃሪያ ወፏ ፍሬውን ፈልፍላ ያለ ችግር ትበላለች። ከወጥ ድስት ግን አይሰጣት፤ ጨው፣ ዘይትና ሽንኩርት ይጎዷታል። አቮካዶ፣ ቸኮሌት፣ ቡናና አልኮል መርዝ ናቸው፤ ትንሿም ፍርፋሪ ለ30 ግራም ወፍ ብዙ ናት።

ከምግቡ ይልቅ የሚያስፈራው ግን አየሩ ነው። የወፍ ሳንባ ከእኛ በተለየ መንገድ ይሠራል። አየሩ በሳንባው ውስጥ በአንድ አቅጣጫ ያልፋል፣ ከሳንባው ጋር የተያያዙ የአየር ከረጢቶችም አሉ። ስለዚህ ኦክስጅንን እጅግ አሟጣ ትወስዳለች፤ መርዙንም እንዲሁ። የእንግሊዝ የከሰል ማዕድን ሠራተኞች መርዘኛ ጋዝ እንዲያስጠነቅቋቸው ካናሪ ወፍ ይዘው የሚገቡት በዚህ ምክንያት ነበር፤ ልማዱ እስከ 1986 ቆይቷል። ምግብ የማይዘው፣ ቴፍሎን የምንለው መጥበሻ እሳት ላይ ተረስቶ ከመጠን በላይ ሲግል ሽታ የሌለው ጋዝ ያወጣል። ሰው ምንም ላይሰማው ይችላል፤ ሌላ ክፍል ያለች ወፍ ግን በደቂቃዎች ውስጥ ትሞታለች። መድኃኒትም የለውም። ወፍ ባለበት ቤት ብረት ድስትና ሸክላ ምጣድ ይበጃሉ። በእኛ ቤት ደግሞ ቡና ሲፈላ ከሰል ይቀጣጠላል፣ ዕጣን ይጨሳል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ቤት ውስጥም ማታ ማታ ቡኹርና ዑድ ይታጠናል፤ እዚያም የወፉ ነገር ብዙ ጊዜ የሚወድቀው በቤት ሥራ ላይ ባሉ እህቶቻችን ላይ ነው። ቡናው ሳይጀመር፣ ጭሱ ሳይነሣ ወፏን በሩ ወደሚዘጋ፣ መስኮቱ ወደሚከፈት ሌላ ክፍል መውሰድ ነው። የሽቶ ርጭትና የበረኪና ሽታም አይመቻትም።

የታመመች ወፍ ሕመሟን ትደብቃለች። በዱር ውስጥ ደክማ የታየች በጭልፊት የምትመረጥ ናት። በመሆኑም ላባዋን ነፍታ፣ ዓይኗን ጨፍና ወለሉ ላይ ስትቀመጥ በሽታው ቆይቷል ማለት ነው፤ ነገ ሐኪም ጋ እወስዳታለሁ አይባልም። ቀድሞ ለማወቅ የሚረዳው ግራም የሚለካ የወጥ ቤት ሚዛን ነው። በሳምንት አንዴ ተመዝና ከክብደቷ አንድ አሥረኛ ያህል ከቀነሰች፣ ሌላ ምልክት ባይኖርም የእንስሳት ሐኪም ይያት። ኩሷም ይታይ፤ ቀለሙና ውፍረቱ ድንገት ሲለወጥ ምክንያት አለው። ባጅሪጋር ምንቃር ዙሪያ የማር ሰፈፍ የመሰለ ቅርፊት ሲወጣ ደግሞ ምክንያቱ እከክ የሚያመጡ ጥቃቅን ተባዮች ናቸው፤ በጊዜው ከታከመ ይድናል።

ከወፍ ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታም አለ። ሲታኮሲስ ይባላል። ከደረቀ ኩስና ከላባ ብናኝ ጋር በትንፋሽ ይገባል፤ ትኩሳት፣ ራስ ምታትና ደረቅ ሳል ያመጣል፣ ወደ ሳንባ ምችም ሊያደርስ ይችላል። በ1929 እና በ1930 ከደቡብ አሜሪካ በተጫኑ በቀቀኖች ምክንያት በብዙ አገሮች ሰው ፈጅቶ ነበር። ዛሬ በአንቲባዮቲክ ይድናል፤ ዋናው ነገር ታማሚው ቤቴ ውስጥ ወፍ አለ ብሎ ለሐኪሙ መንገሩ ነው። ኬጁ ሲጸዳ ኩሱ በውሃ ይርጠብ፣ በደረቁ አይጠረግ። አዲስ የተገዛች ወፍም ከነባሮቹ ጋር ከመቀላቀሏ በፊት አንድ ወር ለብቻዋ ትቆይ።

ዕድሜያቸውንም አስቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል። ባጅሪጋር በደኅና አያያዝ ከአምስት እስከ አሥር ዓመት ይኖራል፤ 29 ዓመት የኖረም ተመዝግቧል። ኮካቲየል 15 እና 20 ዓመት ይደርሳል። ለአሥር ዓመት ልጅ የተገዛ ኮካቲየል ልጁ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ሥራ ሲይዝ በሕይወት አለ ማለት ነው።

ሰልችቶት ወይም አዝኖላት በመስኮት የሚለቃት ሰው ነፃ አወጣኋት ብሎ ያስባል። ውጭ የወጣ ወፍ ግን ይጠፋል። ዊንስተን ቸርችል ቶቢ የተባለ ባጅሪጋር ነበራቸው፤ ሞንቴ ካርሎ ባረፉበት ሆቴል በተከፈተ መስኮት በርሮ ጠፋ፣ አልተገኘም። ኬጅ ውስጥ የተፈለፈለች ባጅሪጋር ውጭ ስትወጣ የሚበላውን አታውቅም፣ ጭልፊቱን አታውቅም፤ የምትጠራው መንጋም አይመልስላትም። ጠንካሮቹ ደግሞ ሌላ ጉዳት ያደርሳሉ። ቀለበት አንገቱ በቀቀን ከሰው እጅ አምልጦ በእስራኤል ከተሞች ተራብቷል። ቴል አቪቭ የሚኖሩ አድማጮቻችን ጠዋትና ማታ በመንገድ ዛፎች ላይ ሲንጫጫ ይሰሙታል። ይህ ወፍ የዛፍ ሽንቁር ስለሚይዝ የአገሪቱ ብሔራዊ ወፍ የሆነውን ሁፑ ከጎጆው እያስወጣው መሆኑን በ2016 የወጣ ጥናት አሳይቷል። ወፏን ማቆየት ያቃተው ሰው ከነኬጇ፣ የለመደችውን ምግብና የምታውቀውን ፉጨት ጨምሮ ሌሎች ወፎች ላሉት ሰው ያስረክባት።